ኅሊና የማን ድምፅ ነው?

ሰው ሌላ ዳኛ በሌለበት ጊዜ እንኳ ከዳኛ አያመልጥም፤ ዳኛው በውስጡ አለና። ኅሊና የምንለው ይህ የውስጥ ዳኛ ምስክር ሳይጠራ ይመረምራል፤ ይግባኝ ሳይፈቅድ ይፈርዳል፤ ቅጣቱንም ሰው ሁሉ በተኛበት ሌሊት ይፈጽማል። ስለዚህም ወላጆች ልጆቻቸውን፣ መምህራን ተማሪዎቻቸውን፣ አለቆችም የበታቾቻቸውን «ኅሊናህን ጠይቅ» ብለው ሲመክሩ ከዚህ የሚበልጥ ምክር ያለ አይመስላቸውም። ምክሩ መልካም ነው። ነገር ግን አንድ ጥያቄ ሳይመለስ ያልፋል፤ ይኸውም በውስጣችን የሚናገረው ድምፅ የማን ድምፅ ነው? የሚለው ነው። ከፈጣሪ የተሰጠን ነውን? ከገዛ አስተውሎታችን የፈለቀ ነውን? ወይስ ያሳደገን ሰፈርና የምንፈራው ሕግ በልጅነታችን በጆሮአችን ያንሾካሾኩትን ቃል በጉልምስናችን ጊዜ የራሳችን አድርገን መልሰን የምንሰማው ነው?

ይህ ጥያቄ ለፈላስፎች ብቻ የተተወ አይደለም። በወረቀት ላይ ፊርማውን የሚያሳርፍ ሹም፣ የተማሪውን ዕድል በነጥብ የሚወስን መምህር፣ ባልንጀራው ሲበደል አይቶ ዝም ያለ ተማሪ፣ ሁሉም በየዕለቱ ይገጥመዋል። ከአሜሪቃ ታላላቅ መጻሕፍት መካከል ይህን ጥያቄ አጥብቀው የያዙ ሁለት ልብ ወለዶች አሉ። አንደኛው የማርክ ትዌይን «የሃክልቤሪ ፊን ጀብዱ» ነው፤ ሁለተኛውም የሄርማን ሜልቪል «ቢሊ በድ» ነው። በመጀመሪያው አንድ ያልተማረ ልጅ ኅሊናዬ የሚለውን ድምፅ አልሰማም ብሎ መልካም ሥራ ይሠራል፤ በሁለተኛው ደግሞ አንድ የተማረና የተከበረ የመርከብ አዛዥ ግዴታዬ የሚለውን ፈጽሞ በልቡ ንጹሕ መሆኑን የሚያውቀውን ወጣት ይሰቅላል። ሁለቱን መጻሕፍት ጎን ለጎን አድርጎ ያነበበ ሰው ስለ ኅሊና የነበረው ሐሳብ እንደ ነበረ አይቆይለትም። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ልጁና ወንዙ

ማርክ ትዌይን፣ በእውነተኛ ስሙ ሳሙኤል ክሌመንስ፣ በ1835 በሚዙሪ ግዛት ተወልዶ በሚሲሲፒ ወንዝ ዳር በምትገኘው በሃኒባል ከተማ አደገ። ሚዙሪ በዚያን ጊዜ ባርነት በሕግ የጸናባት ግዛት ነበረች። መጽሐፉ በእንግሊዝ አገር በ1884 መጨረሻ፣ በአሜሪቃ ደግሞ በ1885 ታተመ፤ ታሪኩ ግን ከዚያ 40 ወይም 50 ዓመት ቀደም ብሎ እንደ ሆነ ተደርጎ የተጻፈ ነው።

ሃክ ከሰካራም አባቱ ዱላ ያመለጠ ልጅ ነው። ጂም ደግሞ ሚስ ዋትሰን የምትባል ሴት ባሪያ ነው፤ እመቤቱ በ800 ዶላር ወደ ኒው ኦርሊንስ ልትሸጠው ማሰቧን በሰማ ጊዜ ሚስቱንና ልጆቹን ጥሎ ጠፋ። ሁለቱ ስደተኞች በወንዙ መካከል ባለች ደሴት ተገናኙ፤ ከዚያም ከተጋደሙ ግንዶች በተሠራ ተንሳፋፊ ርብራብ ላይ ሆነው፣ ቀን እየተደበቁና ሌሊት እየተጓዙ ወንዙን ይዘው ወረዱ።

ጂም ነጻ የሚወጣበት ስፍራ የተቃረበ በመሰላቸው ጊዜ የሃክ ኅሊና ተነሣበት። ተነሥቶም የጠየቀው ጥያቄ የሚያስደነግጥ ነው፤ ይህች ምስኪን ሴት ምን አድርጋህ ነው ንብረቷ በዐይንህ ፊት ሲኮበልል ዝም ያልኸው? አለው። ጂም በበኩሉ በደስታ ሐሳቡን ይዘረዝር ነበር። ሠርቶ ገንዘብ ያጠራቅማል፤ በገንዘቡ ሚስቱን ይገዛል፤ ከዚያ ሁለቱ ተባብረው ሠርተው ሁለቱን ልጆቻቸውን ይገዛሉ፤ ጌታቸው አልሸጥም ቢል ግን የሚሰርቅላቸው ሰው ይፈልጋሉ። ሃክ ይህን ሲሰማ አካሉ ቀዘቀዘ። አባት የገዛ ልጆቹን ለመስረቅ ማሰቡ፣ ያውም ልጆቹ ለሃክ ምንም ክፉ ያላደረገ ሰው ንብረት ሆነው ሳለ፣ ለልጁ ከባድ ነውር መስሎ ታየው። ስለዚህ ጂምን ለመጠቆም ቆርጦ በትንሿ ታንኳ ወደ ባሕር ዳር ቀዘፈ።

በመንገድ ላይ የጠፉ ባሮችን የሚፈልጉ ሁለት የታጠቁ ሰዎች አገኙት። በርብራቡ ላይ ያለው ሰው ነጭ ነው ወይስ ጥቁር? ብለው ጠየቁት። እውነቱን ለመናገር አፉን ከፈተ፤ ቃሉ ግን አልወጣም። ነጭ ነው አላቸው፤ አልፎም አባቱ በፈንጣጣ የታመመ አስመሰለ። ሰዎቹም በሽታውን ፈርተው 40 ዶላር ወርውረውለት ሸሹ። ሃክ ግን ባደረገው አልኮራም። በልጅነቱ መልካም ነገር ስላልተማረ ቀና ሥራ የማይሆንለት ክፉ ልጅ መሆኑን ለራሱ ነገረ።

ሁለተኛው ፈተና ከዚህ ይከብዳል። አብረዋቸው የተጓዙት አጭበርባሪዎች ጂምን በ40 ዶላር ሸጡት። ሃክ ጂም ያለበትን ቦታ ለሚስ ዋትሰን የሚገልጽ ደብዳቤ ጻፈ፤ ጽፎም ሲጨርስ ከኃጢአቱ ሁሉ እንደ ታጠበ ሰው ቅልል አለው። ነገር ግን ወረቀቱን አስቀምጦ ማሰብ ጀመረ። ጂም በየሌሊቱ የራሱን ተራ ጠብቆ ሲያበቃ፣ ልጁ እንቅልፉን እንዲጠግብ ብሎ የሃክንም ተራ ደርቦ ሲጠብቅ ታየው። ሳቁ፣ ወጉ፣ ቸርነቱ ትዝ አለው። ሊያስበው ቢጥርም ጂምን እንዲጠላ የሚያደርገው አንድ ነገር አጣ። በመጨረሻ ደብዳቤውን አንሥቶ፣ ትንፋሹን ውጦ ጥቂት ካሰበ በኋላ፣ እንግዲያስ ሲኦል ልግባ ብሎ ቆረጠና ቀደደው።

እዚህ ላይ አንባቢ ልብ ሊለው የሚገባ አንድ ነገር አለ። ሃክ በመጽሐፉ በሙሉ አንድ ጊዜ እንኳ ባርነት ክፉ ነው አይልም። ሕጉ ተሳስቷል አይልም፤ ሰባኪዎቹ ዋሽተዋል አይልም። ስሕተተኛው እኔ ነኝ ይላል። ማርክ ትዌይን የራሱን ድምፅ ፈጽሞ አውጥቶ ታሪኩን ሁሉ ለዚህ ልጅ አፍ የሰጠው በዚህ ምክንያት ነው። እንደ ቅኔያችን ብናየው፣ የልጁ ቃል ሰም ነው፤ የደራሲው ሐሳብ ወርቅ ነው። ሰሙ «በደልሁ» ይላል፤ ወርቁ «ጸደቀ» ይላል። ምጸት የሚባለው የአጻጻፍ ስልት እዚህ ላይ ለጌጥ አልገባም፤ ያለ እርሱ ነገሩ ሊነገር አይችልም ነበር። ደራሲው በቀጥታ ባርነት ኃጢአት ነው ብሎ ቢጽፍ ኖሮ አንባቢው ራሱን ነቅንቆ ያልፍ ነበር። ልጁ ደግሞ መልካም መሥራቱን እያወቀ ቢሠራ ኖሮ፣ ክፉ ሕግ ወደ ሰው ውስጥ ገብቶ የኅሊናን ወንበር ምን ያህል እንደሚቀማ አናይም ነበር። ትዌይን በ1895 ስለዚህ መጽሐፍ ባሰፈረው ማስታወሻ፣ ነገሩ ጤናማ ልብና የተበላሸ ኅሊና ተጋጭተው ኅሊና የተሸነፈበት መሆኑን ገልጿል።

ይሁን እንጂ በሃክ መሳቅ ለእኛ ቀላል መሆኑን መዘንጋት የለብንም። መጽሐፉ ሲታተም ባርነት በአሜሪቃ በሕግ ከተሻረ (በ1865) 20 ዓመት ሆኖት ነበር። የዚያን ጊዜ አንባቢ፣ የዛሬውም አንባቢ፣ ትክክለኛውን መልስ አስቀድሞ አውቆ ነው የሚያነበው። እንግዲያው የመጽሐፉ ወጥመድ ያለው ከሳቁ በኋላ ነው። የሃክ ጎረቤቶች ጨካኞች አልነበሩም፤ ጸሎት የሚያደርሱ፣ ለእንግዳ የሚራሩ፣ ሕግ የሚያከብሩ ሰዎች ነበሩ። እኛስ ዛሬ በንጹሕ ኅሊና የምናደርገው፣ የልጅ ልጆቻችን ግን ሲያነቡት የሚያፍሩበት ሥራ ምንድን ነው? ይህን ራሱን ሳይጠይቅ መጽሐፉን የዘጋ ሰው ሰሙን በልቶ ወርቁን ጥሏል።

የጂም ልጅ

ስለ ሃክ ብዙ ተጽፏል፤ በዚያው መጽሐፍ ውስጥ ያለ ሌላ ኅሊና ግን ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። አንድ ሌሊት ጂም አንገቱን ደፍቶ ሲያለቅስ ሃክ አገኘው። ጂምም ስለ ሴት ልጁ ነገረው። ልጅቱ ገና የ4 ዓመት ሕፃን ነበረች፤ ብርቱ ትኩሳት ታማ ድና ነበር። አባቷ በሩን ዝጊ አላት፤ እርሷ ግን ፈገግ ብላ ቆመች። ደግሞ አዘዛት፤ አሁንም ፈገግ ብላ ቆመች። ተቆጥቶ በጥፊ መታት። ጥቂት ቆይቶ ነፋስ በሩን ከኋላዋ በኃይል ዘጋው፤ ልጅቱ ግን አልደነገጠችም። አባቷ ቀስ ብሎ ከኋላዋ ሄዶ ጮኸባት፤ አልተንቀሳቀሰችም። በሽታው ጆሮዋን ወስዶት ኖሯል።

ጂም በዚህ ሥራው በማንም አልተከሰሰም። የዚያ አገር ሕግ እርሱን ራሱን እንደ ዕቃ ስለሚቈጥረው ስለ ልጁ የሚጠይቀው አልነበረም፤ ልማዱም ያልታዘዘች ልጅን መቅጣት የአባት መብት ነው ይላል። የጂም ኅሊና ከማንም የተዋሰው ድምፅ አልነበረም። የመጣው የልጅቱን ፊት ካየ በኋላ ነው፤ የሚናገረውም ሌላውን ለመክሰስ አልነበረም፤ ራሱን ለመክሰስ ነበር። በሕግ ዐይን ሰው ያልተባለው ሰው በመጽሐፉ ካሉት ሁሉ ይልቅ የራሱ የሆነ ኅሊና ያለው መሆኑ የትዌይን ትልቁ ምሥጢር ነው።

ነገር ግን ደራሲውን ያለ ልክ ማመስገን ተገቢ አይደለም። በመጽሐፉ መጨረሻ ቶም ሶየር የተባለው የሃክ ጓደኛ ይመጣና ጂምን ከእስር ማስፈታቱን የልጅ ጨዋታ ያደርገዋል፤ በኋላም ሚስ ዋትሰን ሁለት ወር ቀደም ብላ በኑዛዜዋ ነጻ እንዳወጣችው ይነገራል። ሊዮ ማርክስ የተባለው ሐያሲ በ1953 ይህ አጨራረስ የመጽሐፉን ክብደት የሚያፈርስ መሆኑን አጥብቆ ተከራከረ። ራልፍ ኤሊሰንም በ1958 ትዌይን ለጂም በዚያ ዘመን ነጮች በመድረክ ላይ ጥቁሮችን የሚያፌዙበትን ጭምብል እንዳለበሰው፣ የጂም ሰብአዊ ክብር ግን ከጭምብሉ ሥር እንደሚታይ ጽፏል። ነገሩን የምናየው ሁልጊዜ በልጁ ዐይን ነው። ፐርሲቫል ኤቨሬት በ2024 ባሳተመው «ጄምስ» በተባለው ልብ ወለድ ያንኑ ታሪክ ጂም ራሱ እንዲያወራው ማድረጉ ይህን ጉድለት የሚያስታውስ ነው። ታሪክ ማን እንደሚያወራው ማወቅ፣ በደሉን ማን እንደሚሰይመው ማወቅ ነው።

አዛዡና መርከበኛው

ሁለተኛው መጽሐፍ ከወንዝ ወደ ባሕር፣ ከልጅ ወደ ሹም ይወስደናል። ዘመኑ 1797 ነው። እንግሊዝ ከፈረንሳይ ጋር በጦርነት ላይ ናት፤ በዚያው ዓመት በስፒትሄድና በኖር የራሷ መርከበኞች አድማ መተው አገሩን አስደንግጠዋል። ቢሊ በድ የ21 ዓመት መልከ መልካም መርከበኛ ነው። «የሰው መብት» ከምትባል የንግድ መርከብ ላይ በግድ ተወስዶ ለጦር መርከብ ተሰጠ። ደራሲው ለንግድ መርከቧ ይህን ስም ሲሰጣት በከንቱ አይደለም፤ ወጣቱ የሰው መብትን ተሰናብቶ ወደ ጦር ሕግ መሻገሩን በስሟ ነግሮናል።

ቢሊ ቅን ነው፤ አንድ ጉድለት ብቻ አለበት፤ በተናደደ ወይም በተጨነቀ ጊዜ ምላሱ ይተሳሰራል። የመርከቡ የጸጥታ ሹም ክላጋርት ያለ አንዳች ምክንያት ጠላው፤ አድማ ያሤራል ብሎም በሐሰት ከሰሰው። አዛዡ ካፒቴን ቪር ሁለቱን በክፍሉ አገናኛቸው። ክላጋርት ክሱን በቢሊ ፊት ደገመው። ቢሊ መልስ ለመስጠት ታገለ፤ ቃል ግን እንቢ አለው። በአንደበቱ ፋንታ እጁ መለሰና ክላጋርት በአንድ ቡጢ ወድቆ ሞተ።

ቪር ክሱ ሐሰት መሆኑን አልተጠራጠረም። ክላጋርትን የመታው የእግዚአብሔር መልአክ እንደ ሆነ፣ መልአኩ ግን መሰቀል እንዳለበት ያን ጊዜውኑ ተናገረ። ወዲያው ሦስት መኰንኖች ሰብስቦ ችሎት አቆመ። መኰንኖቹ ሲያመነቱም ተነሥቶ ተከራከራቸው። የንግግሩ ፍሬ ሐሳብ ይህ ነው፤ በልብሳችን ላይ ያለው አዝራር ታማኝነታችን ለንጉሥ እንጂ ለተፈጥሮ አለመሆኑን ይመሰክራል፤ ሹመቱን ስንቀበል በብዙ ነገር በገዛ ፈቃዳችን መሥራትን ትተናል፤ ልባችሁ ቢራራ፣ ልብ በዳኛ ፊት የምታለቅስ ሴት ናትና ከችሎት ትውጣ፤ ኅሊናችሁም ቢወቅሳችሁ የግል ኅሊና ለመንግሥት ሕግ ስፍራውን ይልቀቅ፤ ሕጉ ቢከብድም እኛ ፈጻሚዎቹ ነን እንጂ ተጠያቂዎቹ አይደለንም። ቢሊ በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ተሰቀለ። የመጨረሻ ቃሉም ለካፒቴን ቪር ምርቃት ነበር።

ቪርን በቀላሉ መኰነን አይገባም። ሕግ ትንሽ ነገር አይደለም። በአገራችን ሁለት ሰዎች ሲጣሉ «በሕግ አምላክ» የተባለው ሰው እጁን ይሰበስብ የነበረው፣ ሕግ ከሌለ ጉልበተኛ ብቻ እንደሚኖር ሕዝቡ ስለሚያውቅ ነው። እያንዳንዱ ሹም ልቡ በራራለት ቁጥር ደንቡን ቢጥስ፣ ርኅራኄው ለዘመዱና ለወዳጁ ብቻ የሚደርስ በሆነ ነበር። ቪር በአድማ ዘመን፣ በጠላት ባሕር ላይ፣ የብዙ ሰዎች ነፍስ በእጁ ሆኖ ነው የፈረደው። ክፉም ሰው አልነበረም፤ መጽሐፍ የሚወድ፣ አስተዋይ፣ ለራሱ የማያደላ ነበር። በ1933 የታተመ አንድ ታዋቂ ትችት መጽሐፉን ሜልቪል በዕርጅናው የዓለምን ሥርዓት በሰላም የተቀበለበት ኑዛዜ አድርጎ አነበበው። በ1959 ግን ሌላ ሐያሲ ተነሥቶ ኑዛዜው የመቀበል ሳይሆን የእንቢታ ነው አለ። ክርክሩ እስከ ዛሬ አልቆመም።

ደራሲው ዝም ያለባቸው ስፍራዎች

ክርክሩ ያልቆመበት ምክንያት በአጻጻፉ ውስጥ ነው። ሜልቪል ነገሩን የሚያወራውን ሰው ሁሉን አዋቂ አላደረገውም። ተራኪው ደጋግሞ ያመነታል። የመርከቡ ሐኪም ነገሩን ባየ ጊዜ አዛዡ አእምሮው ተናውጦ ይሆንን? ብሎ ተጠራጠረ፤ ቢሊን አስሮ ጉዳዩን ለአድሚራሉ ማቅረብ እንደሚሻልም አሰበ፤ ሌሎቹም መኰንኖች ከእርሱ ጋር ተስማሙ። ተራኪው ሐኪሙ ትክክል ነው ወይም ተሳስቷል ሳይል ፍርዱን ለአንባቢው ተወው። ልብ ብለን ካነበብን ደግሞ ቪር ራሱ ዋናው ምስክር፣ ራሱ ችሎቱን የሰበሰበ፣ ራሱም ዳኞቹን ወደ ፍርዱ የመራ መሆኑን እናያለን። ጥድፊያውንና ምሥጢራዊነቱን ሕጉ አላዘዘውም፤ የጨመረው እርሱ ነው። ሕጉ ተናገረ ሲል ከሕጉ ጋር የራሱ ፍርሃት አብሮ ይናገር ነበር።

ሁለተኛው ዝምታ የተዘጋው በር ነው። ቪር ፍርዱን ለመንገር ብቻውን ወደ ቢሊ ክፍል ገባ። በዚያ ምን እንደ ተባባሉ አልተጻፈም። ተራኪው አብርሃም ይስሐቅን ሊሠዋ በወሰደው ጊዜ እንደ ሆነው፣ አዛዡ ወጣቱን አቅፎት ይሆናል ብሎ ይገምታል እንጂ አያረጋግጥም። አንባቢው ግን ልዩነቱን ያውቃል፤ በዚህ መርከብ ላይ በዕፀ ሳቤቅ የታሰረ በግ አልነበረም።

ሦስተኛው ስልት በመጨረሻው ላይ ይገኛል። ቢሊ ከሞተ በኋላ አንድ የባሕር ኃይል ጋዜጣ፣ ታማኙን ክላጋርትን ባዕድ የሆነው ቢሊ በድ በጩቤ ወግቶ እንደ ገደለው አድርጎ ዜናውን አወጣ። መርከበኞቹ ግን ቢሊ የተሰቀለበትን እንጨት ዱካ እየተከታተሉ ስባሪውን እንደ ግማደ መስቀል ያዩት ነበር፤ አንዱም መርከበኛ ግጥም ጻፈለት። ቪርም ከፈረንሳይ መርከብ ጋር በተደረገ ውጊያ ቆስሎ በጂብራልታር ሲሞት የቢሊን ስም ይጠራ ነበር፤ ተራኪው ድምፁ የጸጸት ድምፅ እንዳልነበረ ብቻ ይነግረናል። እንግዲህ ለአንድ ሰው ሞት የመንግሥት ወረቀት፣ የተራ ሰዎች ትዝታና የአዛዡ ሹክሹክታ ተሰጥተውናል። ማኅተም ያለበት የትኛው ነው? እውነቱስ ያለው በየትኛው ነው? ደራሲው ሁለቱን ጥያቄዎች ለያይቶ አስቀምጧቸዋል።

ሜልቪል ይህን የጻፈው ከሩቅ ሆኖ አይደለም። ከ1866 እስከ 1885 በኒው ዮርክ ጉምሩክ ውስጥ በተቆጣጣሪነት 19 ዓመት ያህል የሠራ የመንግሥት ሠራተኛ ነበር። በ1842 ሶመርስ በተባለች የአሜሪቃ የጦር መርከብ ላይ ሦስት ሰዎች አድማ አሢረዋል ተብለው በባሕር ላይ ሳሉ ተሰቀሉ፤ በዚያች መርከብ ከፍተኛ መኰንን ከነበሩት አንዱ የሜልቪል የአክስት ወይም የአጎት ልጅ የሚባል የቅርብ ዘመዱ ነበር። አማቱ ለሙኤል ሾው ደግሞ የማሳቹሴትስ ግዛት የበላይ ዳኛ ነበሩ። ሾው ባርነትን የሚቃወሙ ሰው ነበሩ፤ በ1836 ጌቶቿ ወደ ግዛታቸው ያመጧትን አንዲት ልጅ ነጻ አውጥተዋል። ነገር ግን በ1850 የወጣው የኮብላዮች ሕግ ያመለጠ ባሪያ ለጌታው እንዲመለስ አዘዘ። በ1851 ቶማስ ሲምስ የተባለ ወጣት ከጆርጂያ ጠፍቶ ቦስተን በተያዘ ጊዜ በሾው የሚመራው ፍርድ ቤት ሊያስጥለው አልፈቀደም፤ ሲምስም ወደ ባርነት ተመለሰ። ሮበርት ከቨር የተባለ የሕግ ሊቅ በ1975 ባሳተመው መጽሐፍ ከካፒቴን ቪር በስተጀርባ የዚህ ዓይነቱ ዳኛ ጥላ እንዳለ አመልክቷል። እንዲህ ከሆነ ሁለቱ መጻሕፍት በአንድ ጉዳይ ላይ ይገናኛሉ። ሃክ ሊጽፈው የጀመረውን ደብዳቤ፣ ዳኛው ጽፈው ፈረሙበት።

ሸክሙን ማን ይሸከማል?

አሁን ወደ ተነሣንበት ጥያቄ እንመለስ። በሃክ ውስጥ የተናገረው የባሪያ አሳዳሪዎቹ ሕግ ነው፤ የኅሊናን ልብስ ለብሶ ስለ መጣ ልጁ አላወቀውም። በቪር ውስጥ የተናገረው የጦሩ ሕግ ነው፤ እርሱ ግን አውቆ የኅሊናን ወንበር ለቀቀለት። ታዲያ ሁለቱን የሚለያቸው ምንድን ነው? አንዱ ልቡን ተከተለ፣ ሌላው ሕጉን ተከተለ ማለት በቂ አይደለም። ልብም ይሳሳታል። ጆናታን ቤኔት የተባለው ፈላስፋ በ1974 ስለ ሃክ በጻፈው ጥናት ይህን አሳይቷል፤ ርኅራኄ ብቻውን መሪ ሊሆን አይችልም፤ ነገር ግን መርሕ ርኅራኄን ፈጽሞ ጸጥ ባሰኘ ጊዜ ሰው ወደ ምን ሊደርስ እንደሚችል የናዚውን ሹም የሂምለርን ምሳሌ አንሥቶ አመልክቷል። የቤኔት ምክር መርሖቻችንን በርኅራኄያችን እየመረመርን እንድናርም ነው።

ከዚህ ላይ ሁለቱ መጻሕፍት አንድ ነገር የሚጨምሩ ይመስለኛል። ሃክ ራሱን የሚያጸድቅበት አንድ ቃል አልነበረውም፤ ኃላፊነቱን ግን በሙሉ ወሰደ። ሥራው ኃጢአት ከሆነም ቅጣቱን እኔ እቀበላለሁ አለ። ቪር ደግሞ የተሟላ ማጽደቂያ ነበረው፤ ኃላፊነቱን ግን ለሕጉ አስረከበ። እኛ ፈጻሚዎች ነን እንጂ ተጠያቂዎች አይደለንም አለ። እንግዲህ የተውሶ ድምፅ የሚታወቅበት ምልክት ይህ ነው፤ ሥራውን በእኛ እጅ ያሠራናል፤ ሸክሙን ግን በሌላ ጫንቃ ላይ ያስቀምጥልናል። የራሳችን የሆነው ኅሊና በአንጻሩ ሸክሙን ይጨምርብናል እንጂ አያቃልልልንም። ጂም ስለ ልጁ ሲያለቅስ በአገሩ ልማድ ሊመካኝ ይችል ነበር፤ አልተመካኘም።

ሁለተኛው ምልክት ፊት ነው። ሃክ ደብዳቤውን ሲጽፍ ያሰበው ስለ ንብረት፣ ስለ ኃጢአትና ስለ ስሙ ነበር፤ የቀደደው ግን የጂም ፊት ከወረቀቱ በላይ በታየው ጊዜ ነው። ቪር ዳኞቹን ያስጠነቀቃቸው በተቃራኒው ነው፤ የወጣቱን ልብ አትዩ፣ ሥራውን ብቻ እዩ አላቸው። ሕግ ፊት አይቶ እንዳያዳላ መከልከሉ ትክክል ነው። ፊት አለማየት ግን ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ሀብታሙን ከድኻው ላለማስበለጥ ዐይንን መሸፈን ነው፤ ይህ ፍትሕ ነው። ሁለተኛው የሚቀጣው ሰው መሆኑን ላለማየት ዐይንን መጨፈን ነው፤ ይህ ግን በፍትሕ ስም ራስን ማትረፍ ነው።

መምህራንና ተማሪዎች እነዚህን መጻሕፍት ሲያነቡ ብዙ ጊዜ የገጸ ባሕርያቱን ጠባይ ደግና ክፉ ብለው በሁለት ረድፍ ይዘረዝራሉ፤ ምጸቱንና ምሳሌውንም ነቅሰው ያወጣሉ። ይህ የንባብ መጀመሪያ ነው፤ መጨረሻው ግን አይደለም። የትዌይን ምጸት የተሠራው አንባቢው የተነገረውን ቃል ገልብጦ እንዲፈርድ ነው። የሜልቪል ዝምታ የተተወው አንባቢው ከችሎቱ ወንበር በአንዱ እንዲቀመጥ ነው። ሁለቱም ደራስያን ፍርዱን ሊፈርዱልን እንቢ ብለዋል፤ ቢፈርዱልን ኖሮ የእነርሱ ድምፅ ሌላ የተውሶ ኅሊና በሆነብን ነበርና።

ብዕር ለጨበጠ የመንግሥት ሠራተኛም ከዚህ የሚቀረው ነገር አለ። ደንብን ማክበር ግዴታው ነው፤ ደንቡ የከፋ መስሎ ሲታየው ለበላዩ ማሳሰብ፣ መዘግየት ሲቻል መዘግየት፣ ሌላ ሰው እንዲያየው ማድረግም የግዴታው ክፍል ነው። የቪር መኰንኖች ይህን መንገድ አይተውት ነበር፤ የጎደላቸው ዕውቀት አልነበረም፤ ድፍረት ነበር። ከዚህ ሁሉ በኋላ መፈረም ግድ ቢሆንበት ደግሞ ሕጉ ፈረመ አይበል። ሕግ እጅ የለውም። የፈረመው እርሱ ነው፤ ይህን አውቆ የፈረመ ሰው ቢያንስ ሲፈርም ቀስ ይላል፤ የሚፈርምበትንም ሰው ስም አንብቦ ይፈርማል።